በቃል የሚሰማ አቤቱታ

ባለፈው ክረምት ለአያቴ የመሬት ጉዳይ ማመልከቻ ስጽፍ አንድ ጥያቄ አደረብኝ። መሥሪያ ቤት ራሱ ሲበድል ለማን አቤት ይባላል?

በባሌ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ለቆየው ዐመፅ የግብር ክብደትና የሹማምንት በደል ከምክንያቶቹ መካከል ነበሩ። ያን ጊዜ በዳዩ ሹምና አቤቱታ ሰሚው ሹም ብዙ ጊዜ አንድ ወገን ነበሩ።

በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 211 የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ግን ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። አቤቱታን ያለ ክፍያ፣ በጽሑፍም ሆነ በቃል ይቀበላል። መርምሮ የመፍትሔ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ እንደ ዳኛ አይፈርድም፤ ይህ ድካሙ ይመስለኛል።

አያቴን ደስ ያሰኛቸው ግን «በቃል» የሚለው ነው። እኔ ፊደል ሳልቆጥር፣ ከሮቤ ጎባ ድረስ እየሄዱ ማመልከቻ ያስጽፉ የነበረው በገንዘባቸው ነበርና።