በቤት ውስጥ የዋይፋይ ሞገድ ሲደክም ምክንያቱን ስለ መመርመር

የጅቡቲ ከተማ በባሕር ሥር የተዘረጉ ብዙ የመገናኛ ገመዶች ወደ የብስ የሚወጡባት ወደብ መሆኗ የታወቀ ነው። ከሱዳን እስከ ደቡብ አፍሪካ የተዘረጋው ኢሲ የተባለው ገመድ እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም.፥ ከሞምባሳ የሚመጣው ዳሬ አንድ ደግሞ በ2021 ዓ.ም. ሥራ ጀምረዋል። ይሁን እንጂ ይህን ያህል ባሕር አቋርጦ የመጣው መልእክት በቤት ውስጥ የመጨረሻዎቹን ዐሥር ሜትሮች መሻገር ሲያቅተው ይታያል።

አንዳንድ ሰዎች መፍትሔ ያገኙ መስሏቸው ፈርምዌር የሚባለውን የራውተሩን ውስጣዊ ፕሮግራም ለውጠው እንደ ኦፕንደብልዩአርቲ ያለውን ይጭናሉ። ይህ ፕሮግራም የሊንክሲስ ኩባንያ የአንድ ራውተሩን የፕሮግራም ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. ለሕዝብ ከለቀቀ በኋላ፥ በ2004 ዓ.ም. የተጀመረ ነው። ጥቅሙ ብዙ ነው፤ ነገር ግን አንቴናውን አያስረዝምም፥ ግድግዳውንም አያሳሳም።

ስለዚህ አስቀድሞ መለካት ይገባል። የሞገዱ ብርታት ዲቢኤም በሚባል መስፈሪያ ከዜሮ በታች ባለ ቍጥር ይነበባል፤ ከዜሮ በታች 50 መልካም፥ 67 ለቪዲዮ ንግግር የሚበቃ፥ 80 ደካማ ነው። ከራውተሩ በሁለት ሜትር ርቀት ላይ ቍጥሩ መልካም ሆኖ በሚቀጥለው ክፍል ከወደቀ ጥፋቱ የቤቱ ነው። በአጠገቡም ሳለ ደካማ ከሆነ ጥፋቱ የመሣሪያው ወይም የፕሮግራሙ ነው።

ስለ ቤቱ፦ በአሮጌው ከተማ በባሕር ድንጋይ የተሠራው ወፍራም ግንብ ሞገዱን ይውጠዋል፤ በባልባላ የሚበዛው ቆርቆሮ ደግሞ ይመልሰዋል። የ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ፈጣን ቢሆንም ግንብ በማለፍ ከ2.4 ጊጋኸርዝ ያንሳል። ስለዚህ ራውተሩን በቤቱ መካከል፥ ከፍ ባለና ነፋስ በሚያገኝ ስፍራ፥ ከብረትና ከማቀዝቀዣ አርቆ ማኖር ይበጃል።

ስለ ፕሮግራሙ፦ በመጀመሪያ የአገር መለያው በትክክል መሞላቱ ይታይ፤ ባዶ ከተተወ መሣሪያው ለዓለም ሁሉ የጋራ የሆነውን ጠባብ ደንብ ይይዛልና። ሁለተኛ፥ እንደ ብሮድኮም ያሉ አንዳንድ የሬዲዮ ክፍሎች በነጻ ፕሮግራም ሙሉ ሥራቸውን አይሠሩም። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚያሠጋው፥ ፋብሪካው እያንዳንዱን ሬዲዮ ለክቶ በመሣሪያው ውስጥ ያስቀመጠው የማስተካከያ ቍጥር ነው፤ ይህ በመጫን ጊዜ ከጠፋ ሞገዱ ይደክማል፥ የሌላ ራውተር ቅጂም በትክክል አይተካውም። ስለዚህ ከመጫን በፊት ቅጂውን በሌላ ስፍራ ማስቀመጥ የግድ ነው።

የማሰራጫውን ኀይል ማሳደግ ግን የመጨረሻው ዘዴ ነው። ከ20 ወደ 23 ዲቢኤም ማድረስ ኀይሉን ከ100 ወደ 200 ሚሊዋት ያጥፈዋል፤ ሆኖም የስልኩ ድምፅ በዚህ አይጨምርም። ራውተሩ ይሰማል እንጂ ስልኩ የሚመልሰውን አይሰማም። በዚህ ጊዜ ሁለተኛ ማሰራጫ በገመድ ወደ ራቀው ክፍል ማድረስ የበለጠ ይጠቅማል።

ይህን ቅደም ተከተል የሚጠብቅ የቤት ባለቤትም ሆነ የመሥሪያ ቤት ኀላፊ፥ ጥፋቱ የግድግዳ ሆኖ ሳለ አዲስ ራውተር በመግዛት ገንዘቡን በከንቱ ከማውጣት ይድናል።