ዓሣ ውሃ ይጠማዋልን?

«ዓሣ ጐርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይላል ያገራችን ሰው። እኔም በሥነ ሕይወት ትምህርት ጊዜ ያነሣሁት አንድ ትንሽ ጥያቄ ወደ ሰፊ ነገር አደረሰኝ። ጥያቄው «በባሕር ውስጥ የሚኖር ዓሣ ውሃ ይጠማዋልን?» የሚል ነበር። ጓደኞቼ ሳቁ፤ ነገሩ ግን ለዓሣው የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።

አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው አለበት። የአብዛኛው የባሕር ዓሣ ደም ግን ጨውነቱ የዚህ ሢሶ ያህል ነው። ውሃ ደግሞ በስስ ገለፈት እያለፈ ጨው ወደ በዛበት ወገን መሄድ ጠባዩ ነው። ስለዚህ የባሕር ዓሣ በውሃ ተከቦ ሳለ ከሰውነቱ ውሃ ይወጣበታል። ይህንንም ለመተካት የባሕሩን ውሃ ይጠጣል፤ ትርፉንም ጨው በስንጥቡ ላይ ባሉት ልዩ ሕዋሳት አማካይነት መልሶ ያስወጣዋል። ሰው ግን እንዲህ ያለ ስንጥብ የለውም፤ ኩላሊቱም ያን ያህል ጨው ለማስወገድ ስለማይበቃ የባሕር ውሃ ቢጠጣ ጥሙ ይብስበታል።

በወንዝ ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል። ውሃ ወደ ዓሣው ሰውነት ይገባል፤ ጨውም ያመልጣል። ስለዚህ የወንዝ ዓሣ እምብዛም አይጠጣም፤ ብዙና ቀጭን ሽንት ይሸናል፤ ጨዉንም ቈጥቦ ይይዛል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ወንዝና ባሕር በሚገናኙበት ስፍራ የሚኖር ዓሣ ምን ይበጀዋል? በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ፈንዱለስ የሚባል ትንሽ ዓሣ አለ። ባሕሩ ሲሞላ ጨዋማ ውሃ፥ የወንዙ ውሃ ሲበረታ ደግሞ ጨው ያነሰው ውሃ ያገኘዋል። ከሁለቱም ጋር የሚያስማሙት ሆርሞኖች ናቸው። ሆርሞን ማለት ከዕጢ ወጥቶ በደም የሚጓዝ መልእክተኛ ነው። ኮርቲሶል የተባለው ጨው የሚያስወጡት የስንጥብ ሕዋሳት እንዲበረቱ ያደርጋል። ፕሮላክቲን የተባለው ደግሞ ጨው እንዳያመልጥ ይጠብቃል።

ይህ በግምት የተነገረ አይደለም። ግሬስ ፒክፎርድና ባልደረባቸው ፊሊፕስ በ1959 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) የምርምራቸውን ውጤት አሳተሙ። በአንጐል ሥር የምትገኘው ፒቱታሪ የተባለችው ዕጢ የወጣችለት ፈንዱለስ በባሕር ውሃ ውስጥ መኖር ይችላል፤ ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን ይሞታል። ፕሮላክቲን በመርፌ ሲሰጠው ዳነ።

እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ይህ ነው፤ ፕሮላክቲን በእናቶቻችን ጡት ውስጥ ወተት እንዲመነጭ የሚያዝዘው ሆርሞን ነው። ለሕፃን ምግብ የሚያሰናዳው መልእክተኛ፥ በወንዝ አፍ ለሚኖረው ለዚያ ትንሽ ዓሣ ጨዉን ይጠብቅለታል።