ስለ «ሳንዳ»ና ስለ ክብደት መደቦቹ የአማርኛ ስያሜ

የባዕድ አገር ስፖርት ወደ ቋንቋችን ሲገባ ስሙንና ሕጉን ይዞ ይመጣል። ስሙን መዋስ አያስቸግርም፤ ሕጉን በትክክል የሚገልጹ ቃላትን መምረጥ ግን የተርጓሚው ከባድ ሥራ ነው። ይህ ጽሑፍ «ሳንዳ» የተባለውን የቻይና የፍልሚያ ስፖርት አብነት በማድረግ፣ አንባቢን የማያሳስቱ ስያሜዎች እንዴት ሊመረጡ እንደሚችሉ ለማመልከት የቀረበ ነው።

ውሹ ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት። አንደኛው ተወዳዳሪው የተወሰኑ እንቅስቃሴዎችን አሳይቶ በዳኞች የሚመዘንበት «ታኦሉ» ነው፤ ሁለተኛው ሁለት ሰዎች የሚፋለሙበት ሳንዳ ነው። በእስያ ጨዋታዎች ታኦሉ የገባው እ.ኤ.አ. በ1990 ቤይጂንግ ላይ ሲሆን፣ የፍልሚያው ክፍል የተጨመረው በ1998 ባንኮክ ላይ ነው። ያን ጊዜ «ሳንሾው» እየተባለ ለወንዶች ብቻ በ52፣ በ56፣ በ60፣ በ65ና በ70 ኪሎ ግራም ተካሄደ። በቆዩ መዛግብት ይህን ስም የሚያገኝ ተርጓሚ እንደ ሌላ ስፖርት ሊቈጥረው አይገባም።

«ሳን» በቻይንኛ ያልታሰረ፣ የተፈታ ማለት ነው፤ «ዳ» ደግሞ መምታት። ይህን ይዘን «ነፃ ድብድብ» ብንለው ሕግ የሌለው ጠብ እናስመስለዋለን፤ በአማተር ውድድር ግን በክርን መምታት፣ ማጅራትንና ብልትን መምታት ክልክል ነው። «የቻይና ቦክስ» ስንለው ርግጫው ይቀራል፤ «ኪክ ቦክሲንግ» ስንለው ደግሞ ባላጋራን አንሥቶ ወይም ጠልፎ መጣል የሚያስገኘው ነጥብ ይዘነጋል። ስለዚህ ስሙን «ሳንዳ» ብሎ ተውሶ፣ በመጀመሪያ በተጠቀሰበት ስፍራ «ቡጢ፣ ርግጫና ትግል የተጣመሩበት ፍልሚያ» ብሎ መፍታት ይሻላል።

ለውስጥ ቃላቱ መበደር አያስፈልገንም። ከጣልያንኛ የመጣው «ካልቾ» በንግግር የተለመደ ቢሆንም፣ ለሕግ መጽሐፍ «ርግጫ» የተሻለ ነው። «ጠለፋ» ብቻውን ሲቆም የልጃገረድን ወይም የአውሮፕላንን ጠለፋ ያስታውሳል፤ «ጠልፎ መጣል» ግን የትግል ቃል መሆኑን ማንም ይረዳል።

የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው «ወደቀ» የሚለው ግሥ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1964 በቶኪዮ ኦሎምፒክ ቦክሰኞችን አሰልፋ ነበርና፣ አንባቢያችን መውደቅን የሚያውቀው ተመትቶ መዘረርና የዳኛ ቈጠራ ሆኖ ነው። በሳንዳ ግን ሦስት ነገሮች አሉ። ተመትቶ መሬት የነካ «ወደቀ» ይባል። ባላጋራው ቆሞ ሳለ በትግል መሬት የነካ «ተጣለ» ይባል፤ ጣዩ 2 ነጥብ ያገኛልና። ውድድሩ የሚካሄደው ጐኑ 8 ሜትር፣ ከፍታው 80 ሴንቲ ሜትር በሆነ መድረክ ላይ ስለሆነ፣ ከዚያ የተገፋው «ከመድረክ ወጣ» ይባል፤ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ የወጣ ዙሩን ይሸነፋል። ሦስቱን «ወደቀ» ብንላቸው አንባቢው ውጤቱ ከየት እንደ መጣ ሊገባው አይችልም።

የክብደቱም አነጋገር እንዲሁ ነው። በምሥራቅ ጎጃም፣ በሮብ ገበያ፣ 50 ኪሎ ጤፍ የገዛ ሰው ልክ 50 ኪሎ ይጠብቃል፤ ቢጎድልበት ይሟገታል። በውድድር ግን ቊጥሩ ጣሪያ ነው። በባንኮኩ አከፋፈል «60 ኪሎ ግራም» ከ56 በላይ እስከ 60 ማለት ስለሆነ፣ 58 ኪሎ የሚመዝነውን «60 ኪሎ ነው» ብሎ መተርጐም ስሕተት ነው። «የወንዶች እስከ 60 ኪሎ ግራም» ቢባል ግልጽ ይሆናል። «የወንዶች» የሚለውም መቅረት የለበትም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ሃንግዡ ላይ የ60 ኪሎ ግራም ውድድር ለሁለቱም ጾታዎች ነበረና። «ምድብ» የሚለው ቃል በዕጣ ለሚደለደሉ ቡድኖች ስለ ተለመደ፣ ለዚህ «የክብደት መደብ» ቢባል ይለያል። በግማሽ ፍጻሜ የተሸነፉት ሁለቱም ነሐስ ስለሚሸለሙ፣ በሠንጠረዥ ሁለት ሦስተኛ ሲያገኝ ተርጓሚው ለማረም አይቸኵል።

በከተሞቻችን ውሹን የሚሠሩ ወጣቶች የተፈቀደውንና የተከለከለውን የሚማሩት በአማርኛ ነው። በደንብ መጽሐፍ ላይ የሚፈጸም የቃል ስሕተት የሰውን አካል እስከ መጉዳት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የስፖርቱ ባለሙያዎችና ተርጓሚዎች እነዚህን ስያሜዎች በሥራ ላይ ፈትነው አስተያየታቸውን ቢሰጡባቸው ጠቃሚ ይሆናል።