ለግማሽ ደቂቃ ሩጫ የሚታደስ ሞተር፦ የዳገት መኪና ውድድርና የልኬት ሳይንስ

በእንግሊዝ ዉስተርሸር አውራጃ፣ ሼልስሊ ዎልሽ በተባለች የገጠር ስፍራ፣ በዛፎች መካከል አልፎ ወደ ኮረብታ የሚወጣ ጠባብ የአስፋልት መንገድ አለ። ርዝመቱ 914 ሜትር ሲሆን ከመነሻው እስከ መድረሻው ወደ 100 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በዚህ ስፍራ የመጀመሪያው የመኪና ውድድር የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ምክንያት ከተቋረጠባቸው ዓመታት በቀር ውድድሩ እስከ ዛሬ ዘልቋል።

በዚህ ዓይነቱ ውድድር መኪኖች ጎን ለጎን አይሽቀዳደሙም። እያንዳንዱ መኪና ለብቻው ይነሳል፤ ተፎካካሪው ሰዓት ነው። ለዚህ ስፖርት ብቻ ተብለው የተሠሩት እጅግ ፈጣን መኪኖች ዳገቱን ከ23 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይወጡታል። ከተራ የመንገድ መኪና የተዘጋጁት ደግሞ ግማሽ ደቂቃ ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይፈጅባቸዋል። አብዛኞቹ ተወዳዳሪዎች አማተሮች ናቸው፤ መተዳደሪያቸው ሌላ ሥራ ሆኖ የብርዱን ወራት በቤታቸው ጋራዥ ከወረደ ሞተር ጋር የሚያሳልፉ ሰዎች።

በተለመደው የውድድር ቀን አንድ ተወዳዳሪ ሁለት የልምምድና ሁለት ሰዓታቸው የሚመዘገብ ሩጫዎችን ያደርጋል። ስለዚህም የወራት ድካም የሚፈተነው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። በእነዚያ ወራት የሚሠራው ሥራ ኃይል መጨመር ብቻ ይመስላል። ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ግን ከኃይል በፊት ልኬትን ያስቀድማሉ። በትክክል ያልተለካ ሞተር የጨመረውን ኃይል ራሱን ለማፍረስ ይጠቀምበታልና።

ከመፍታት በፊት ማዳመጥ

ሥራውን በምሳሌ ለመረዳት በብሪታንያ የዳገት ውድድሮች ላይ ዘወትር የምትታየውን የቀድሞዋን ሚኒ መኪና መውሰድ ይቻላል። ሞተሯ ኤ ሲሪስ የሚባለው ቤተሰብ አባል ነው። ይህ የሞተር ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1951 በ803 ሲሲ መጠን ተጀምሮ እስከ 2000 ድረስ ተመርቷል። ብሎኩም ሆነ ቴስታታው የብረት ቀልጥ ነው። ለውድድር የሚመረጠው 1275 ሲሲ የሆነው ዓይነት አራት ሲሊንደሮች አሉት።

ጥሩ መካኒክ ሞተሩን ከመፍታቱ በፊት ይመረምረዋል። የእያንዳንዱን ሲሊንደር ቫልቮች በተዘጉበት ሁኔታ በካንዴላው ቀዳዳ በኩል የታመቀ አየር ያስገባና አየሩ በየት እንደሚያመልጥ ያዳምጣል። ድምፁ ከጭስ ማውጫው ከተሰማ የጭስ ቫልቩ በደንብ አይገጥምም ማለት ነው። በካርቡራተሩ በኩል ከተሰማ ችግሩ ያለው በማስገቢያው ቫልቭ ላይ ነው። በዘይት መሙያው ከወጣ የፒስተን ቀለበቶቹ፣ በጋራዥ አጠራር ፋሻዎቹ፣ አልቀዋል። በራዲያተሩ ውኃ ላይ አረፋ ከታየ ደግሞ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበጥሷል ወይም ብረቱ ተሰንጥቋል።

ሞተሩ ሲፈታም እያንዳንዱ ዕቃ ከየት እንደወጣ ምልክት ይደረግበታል። በተለይ ክራንክሻፍቱን የሚይዙት ክዳኖች ከብሎኩ ጋር ተገጥመው በአንድነት የተቦረቦሩ በመሆናቸው ቦታ ወይም አቅጣጫ ቢለዋወጡ ቀዳዳው ክብነቱን ያጣል። በመቀጠል ብረቱ ይታጠባል፤ ዓይን የማያየው ስንጥቅ መኖሩም ይመረመራል። ለዚህም ብረቱ ማግኔት ይደረግና ደቃቅ የብረት ብናኝ ይነሰነስበታል። ስንጥቅ ባለበት ቦታ የማግኔቱ መስክ ስለሚዛባ ብናኙ እዚያው ተሰብስቦ መስመር ይሠራል።

400 ግራም 1 ቶን ሲሆን

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት ፒስተኑ የሚደርስበትን ኃይል ማስላት ይበቃል። በ1275 ሲሲ ሞተር ውስጥ ፒስተኑ በአንድ ምት የሚጓዘው 81.3 ሚሊሜትር ነው። ክራንክሻፍቱ በደቂቃ 7,000 ጊዜ ሲዞር ፒስተኑ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 233 ጊዜ ያህል ቆሞ አቅጣጫውን ይለውጣል። አማካይ ፍጥነቱም በሰከንድ 19 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 68 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።

ፒስተኑ ጫፍ ላይ ደርሶ በሚመለስባት ቅጽበት የሚደርስበት ፍጥንጥነት ከመሬት ስበት 2,800 ጊዜ ያህል ይበልጣል። በመሆኑም 400 ግራም የሚመዝን ፒስተን በዚያች ቅጽበት ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ 1.1 ቶን በሚያህል ኃይል ይጎትተዋል። ይህን ሸክም የሚሸከሙት በዘንጉ ግርጌ ያሉት ሁለት ቀጫጭን ብሎኖች ናቸው።

ይህ ኃይል የሚያድገው በዙሩ ብዛት ካሬ መጠን ነው። አሽከርካሪው ዙሩን ከ7,000 ወደ 8,000 ከፍ ቢያደርግ ዙሩ የጨመረው በ14 በመቶ ሲሆን ብሎኖቹ ላይ የሚያርፈው ጉተታ ግን በ31 በመቶ ያድጋል። ለዚህ ነው አስተዋይ አማተር የሞተሩን የዙር ጣሪያ አስቀድሞ የሚወስነውና አሮጌ ብሎኖችን መልሶ የማይገጥመው። ብሎን በትክክል ሲጠብቅ እንደ ስፕሪንግ ጥቂት ይለጠጣል፤ ዕቃዎቹን አጣብቆ የሚይዘውም ይህ መለጠጥ ነው። ሲላላ በእያንዳንዱ ዙር እየተጎተተ ይደክማል፤ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ደግሞ ተለጥጦ ይቀራል። ቶርክ ሬንች የሚባለው፣ የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ መፍቻ ከዚህ ሥራ የማይለየው በዚህ ምክንያት ነው።

ብረትን ከብረት የሚለየው ዘይት

ክራንክሻፍቱ ብሮንዚናዎቹ ላይ ያረፈ ይመስላል። እውነታው ግን ሌላ ነው። ሞተሩ እየሠራ ባለበት ጊዜ ሁለቱ ብረቶች አይነካኩም። የሚሽከረከረው ዘንግ ዘይቱን ወደ ጠባቡ ክፍተት እየጎተተ ስለሚያስገባው ዘይቱ ከፍተኛ ግፊት ያገኝና ዘንጉን ተሸክሞ ያንሳፍፈዋል።

ይህ እንዲሆን ክፍተቱ ልክ መሆን አለበት። በተለመደው ስሌት 50 ሚሊሜትር ዲያሜትር ላለው ዘንግ የሚያስፈልገው ክፍተት 0.05 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ጋር የሚቀራረብ። ከዚህ ከጠበበ በቂ ዘይት ስለማያልፍ ብሮንዚናው ይግላል። ከሰፋ ደግሞ ዘይቱ በጎን ስለሚፈስ ግፊቱ ይወርዳል። ስለዚህ ዘንጉም ቀዳዳውም በማይክሮሜትር በየአቅጣጫው ይለካሉ። ውጤቱን ለማረጋገጥም ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ቀጭን የፕላስቲክ ክር በመካከላቸው ይደረግና ክዳኑ ይጠብቃል። ክሩ የተጨፈለቀበት ስፋት የክፍተቱን መጠን ይናገራል።

የፒስተን ፋሻዎችም የራሳቸው ክፍተት አላቸው። ፋሻው ሲሊንደሩ ውስጥ ሲገባ ሁለቱ ጫፎቹ መነካካት የለባቸውም። ለ70.6 ሚሊሜትር ሲሊንደር በተለመደው መመሪያ መሠረት 0.28 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ይተዋል። ሙቀት ብረቱን ሲያስረዝመው ጫፎቹ ከተጋጩ ፋሻው ይሰበራል፤ የሲሊንደሩንም ግድግዳ ይፍቃል። «አስር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ትክክለኛ የአሠራር መመሪያ ነው።

የማመቅ ገደብ

የሞተር ኃይል ከሚጨመርባቸው መንገዶች አንዱ የአየርና የነዳጅ ድብልቁን ከመቀጣጠሉ በፊት ይበልጥ ማመቅ ነው። በ1275 ሲሲ ሞተር የአንዱ ሲሊንደር ድርሻ 318.75 ሲሲ ነው። ድብልቁ 11 ጊዜ እንዲታመቅ ከተፈለገ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከላዩ የሚቀረው ቦታ 31.9 ሲሲ መሆን ይኖርበታል። ከአራቱ የአንዱ ቦታ በ3 ሲሲ ብቻ ቢያንስ የዚያ ሲሊንደር እመቃ 12 ይደርሳል።

ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም መዘዙ ከባድ ነው። እመቃው ከነዳጁ አቅም ሲያልፍ ካንዴላው ያቀጣጠለው ነበልባል ገና ያልደረሰበት ድብልቅ በራሱ ይፈነዳል። የተረጋጋው ቃጠሎ ወደ ድንጋጤ ማዕበልነት ይለወጥና ፒስተኑን እንደ መዶሻ ይቀጠቅጠዋል። የፒስተኑ ዳርቻ ሊሰበር፣ አናቱም ሊበሳ ይችላል። ለዚህ ሲባል ቴስታታው ተገልብጦ እያንዳንዱ የቃጠሎ ክፍል በብርሃን አስተላላፊ ዝርግ ፕላስቲክ ይሸፈናል፤ በቀጭን የመለኪያ ቱቦም ፈሳሽ እየተጨመረበት ይለካል። የቀነሰው እየተፋቀ አራቱም እኩል ይደረጋሉ።

ዳገትና ኩርባ የሚጠይቁት

ለረጅም ቀጥተኛ መንገድ የተዘጋጀ ሞተር ለዳገት ውድድር ላይመች ይችላል። መኪናው ከቆመበት ይነሳል፤ ሹል ኩርባ ላይ ፍጥነቱ ይወርዳል፤ ወዲያው ደግሞ ዳገቱን ለመውጣት ጉልበት ይጠየቃል። ቫልቮችን የሚከፍተውና የሚዘጋው ካምሻፍት ቫልቮቹን ለረጅም ጊዜ ከፍቶ የሚያቆይ ከሆነ በከፍተኛ ዙር ብዙ አየር ይገባል። በዝቅተኛ ዙር ግን የገባው ድብልቅ ከፊሉ ተመልሶ ስለሚወጣ ሞተሩ ከኩርባ ሲወጣ ይደክማል። ስለዚህ በወረቀት ላይ ከፍተኛ የፈረስ ጉልበት ከሚያሳየው ካምሻፍት ይልቅ በመካከለኛ ዙር ጥሩ ጉልበት የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ዳገቱን ቀድሞ ይጨርሳል።

ኩርባ ሌላም አደጋ አለው። ዘይት ፈሳሽ በመሆኑ መኪናው ሲታጠፍ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። የሚኒ ሞተር በአግድም የተቀመጠ ሲሆን ማርሹም በዚያው ዘይት ይሠራል። ዘይቱ ከመምጠጫው ቱቦ ከራቀ ፓምፑ አየር ይስባል፤ ያ የፀጉር ውፍረት ያለው ዘይትም ይጠፋል። ብሮንዚና ለመቃጠል ጥቂት ሰከንዶች ይበቁታል። ብዙ የሚኒ ተወዳዳሪዎች መምጠጫውን ወደ መሐል በማዛወር ይህን ይከላከላሉ። ጉዳዩ የአንድ ሰው ኪሳራ ብቻ አይደለም። የተሰበረ ዘንግ ብሎኩን በስቶ ዘይቱን መንገዱ ላይ ካፈሰሰ ቀጥሎ የሚወጣው አሽከርካሪ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ከፍታ የሚወስደው አየር

ዳገቱ ተራራ ሲሆን ደግሞ አየሩ ራሱ ይለወጣል። በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከዴንቨር በስተደቡብ፣ እ.ኤ.አ. በ1916 የተጀመረው የፓይክስ ፒክ ውድድር የሚነሳው ከ2,862 ሜትር ከፍታ ነው፤ ይህም ከአዲስ አበባ ይበልጣል። መድረሻው 4,302 ሜትር ላይ ሲሆን በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ 156 ኩርባዎች አሉ። በጫፉ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው 60 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው።

ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው ኦክስጅን በዚያው መጠን ስለሚቀንስ ጉልበቱም ይቀንሳል። ካርቡራተሩ ለቆላ የተስተካከለ ከሆነ ነዳጁ ከአየሩ ይበዛና ሞተሩ ይጨሳል። ከቆላ ወደ አዲስ አበባ በአሮጌ መኪና የወጣ ሰው ይህን ድካም ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሮማን ዱማ በቮልስዋገን የኤሌክትሪክ መኪና ተራራውን በ7 ደቂቃ ከ57.148 ሰከንድ ወጥቶ ከ8 ደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሲሆን፣ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ለቃጠሎ አየር አለመፈለጉ ትልቅ ብልጫ ሰጥቶታል።

የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች

ተለክቶ፣ ተመዝኖና ተገጥሞ ያለቀ ሞተር ወዲያው አይነሳም። በመጀመሪያ ካንዴላዎቹ ወልቀው የዘይት ግፊት እስኪታይ ድረስ በማስነሻው ብቻ ይዞራል። ከተነሳ በኋላም አዲሱ ካምሻፍት ከሚገፋቸው ዕቃዎች ጋር እንዲላመድ በደቂቃ 2,000 ዙር ገደማ ለ20 ደቂቃ ያህል ይሠራል። ዝም ብሎ በዝቅተኛ ዙር እንዲሠራ ቢተው ካምሻፍቱ በቂ ዘይት ስለማይረጭበት በዚያው ቀን ሊበላ ይችላል።

ከዚያም ዘይቱ ይቀየራል፤ የወጣው ማጣሪያም አይጣልም። ተቆርጦ ወረቀቱ ይዘረጋና በብርሃን ይታያል። ጥቂት ደቃቅ ብናኝ የመላመድ ምልክት ነው። የሚያብረቀርቅ የብሮንዚና ቅንጣት ከታየ ግን ሞተሩ እንደገና መውረድ ይኖርበታል፤ የውድድሩ ቀን ቢደርስም፣ የመመዝገቢያው ገንዘብ ቢከፈልም። ማጣሪያው ንጹሕ ሆኖ የተገኘ እንደሆነ መኪናዋ ወደ ዳገቱ ግርጌ ትሄዳለች፤ ለግማሽ ደቂቃ።