የመሪ ዘይት ደጋግሞ ከጎደለ መሙላቱ አይበቃም
የመሪ ዘይት የሚዞረው በዝግ መስመር ነው፤ ከጎደለ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። እየሞሉ መንዳት ፓምፑን ያደርቀዋል፤ በጋለ ጭስ ማውጫ ላይ ከተንጠባጠበም እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

መጀመሪያ ፓምፑንና ቱቦዎቹን እጠቡ፤ የወላይታ ቀይ አቧራ ከዘይት ጋር ተጣብቆ ቀዳዳውን ይደብቃል። ከዚያ ሞተሩን አስነስታችሁ አንድ ሰው መሪውን ግራና ቀኝ ያዙር፤ እናንተ በባትሪ ተመልከቱ። በእጅ ግን አትዳስሱ፤ ዘይቱ በግፊት ቆዳ ሊበሳ ይችላል። መሪውን ጥግ ላይ ይዞ መቆየትም ፓምፑን ይጎዳል።

የሚያፈሰው የመመለሻው ቱቦ ጫፍ ከሆነ ብዙ ጊዜ ማሰሪያውን መቀየር ይበቃል። የከፍተኛ ግፊቱ ቱቦ ከሆነ ግን ይቀየር እንጂ አይታሰር፤ ላስቲክ የተጠመጠመበትን ቱቦ ጥገና አልለውም። በመሪው ሳጥን ግራና ቀኝ ባሉት የጎማ መሸፈኛዎች ውስጥ ዘይት ካገኛችሁ የውስጡ ሲል አልቋል።

የፍሬን ዘይት በፍጹም አትጨምሩ፤ ሲሎቹን ያበላሻል። ብዙ የቆዩ ቶዮታዎች ዴክስሮን 2 ወይም 3 ይወስዳሉ፤ የገንዳውን ክዳን አንብቡ። ከጥገና በኋላ የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንስታችሁ፣ ሞተሩ ጠፍቶ መሪውን እያዞራችሁ አየሩን አስወጡ።

መሪው ከከበዳችሁ ወደ ተርጫ የሚወስደውን ቁልቁለት አትውረዱ፤ አስቀድማችሁ አስመርምሩት።