ያውቁ ኖሯል? ማንኪያ የሚነክሰው የጣና ዓሣ

ያውቁ ኖሯል? ከአራዳ ሱቆች የሚገዙት የሻይ ማንኪያ እጀታው ቢቆረጥለት ዓሣ ማጥመጃ ይወጣዋል። በሠለጠነው ዓለም አጥማጆች ዘንድ «ስፑን» የሚባለው ዕቃ ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም፤ በአንዱ ጫፉ ክር፣ በሌላው ጫፉ መንጠቆ የተንጠለጠለበት የማንኪያ ጎድጓዳ ነው። ትል አይሰካበትም፣ ሽታ የለውም። ሥራው እያብለጨለጨ መወዛወዝ ብቻ ነው።

ታሪኩም ከማዕድ ይጀምራል። ጁሊዮ ቢዩል የሚባል አሜሪካዊ ቬርሞንት ውስጥ ጀልባ ላይ ምሳውን ሲበላ ማንኪያው አምልጦት ሐይቅ ገባ፤ ማንኪያው እየተገላበጠ ሲሰምጥ ትልቅ ዓሣ መጥቶ ላፍ አደረገው ይባላል። ወሬው ቅመም ሳይጨመርበት አልቀረም። የፈጠራ መብት የተሰጠው ግን በእርግጥ በ1852 ነው። (በዚህ ዓምድ ዓመቶቹን የምንቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።)

ከቢዩል በኋላ ስሙ የገነነው ሉ ኤፒንገር የተባለ የዲትሮይት ሰው ነው። በ1906 የሠራው ማንኪያ «ዳርዴቭል» የሚለውን ስም ያገኘው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሲሆን ቀይና ነጭ ሽንትሩ ዛሬም በዓሣ አጥማጆች ሣጥን ውስጥ አይጠፋም።

ያውቁ ኖሯል? ማንኪያውን የሚያወዛውዘው ጉብጠቱ ነው። ሲጎተት ውኃው በጎባጣው ጀርባ በኩል ፈጥኖ ያልፋል፤ ማንኪያው ወደዚያ ይሳባል፣ ይሄዳል፣ መልሶ ይወድቃል። ቀጭኑ ቆርቆሮ ቀስ ብሎ ይሰምጣል፣ ወፍራሙ ርቆ ይወረወራል፣ ፈጥኖም ይሰምጣል። አብዝተው ካፈጠኑት መወዛወዙን ትቶ እንደ እንዝርት ይሾራል፤ ያኔ ክሩ ተጠማዞ የቀኑ ሥራ መፍታት ይሆናል። ልምድ ያላቸው አጥማጆች በክሩና በማንኪያው መካከል ተሽከርካሪ ማያያዣ የሚያስገቡት ለዚህ ነው።

መሥራት ለሚፈልግ፦ እጀታውን በብረት መጋዝ ከአንገቱ ቆርጦ ጣቱ እስኪያልፍበት ድረስ በሞረድ ማለስለስ። ከሁለቱም ጫፎች ጥቂት ሚሊሜትር ገባ ብሎ በምስማር ነጥብ መምታት፤ ነጥቧ ከሌለች መሰርሰሪያው በአይዝጌ ብረት ላይ ይንሸራተታል። ዘይት ጠብ እያደረጉ በዝግታ መብሳት። ቀለበቱን ከቁልፍ መያዣ መውሰድ ይቻላል። ክሩ ጠበብ ባለው ጫፍ፣ መንጠቆው ሰፋ ባለው። ጀርባውን ማንኛውም ጋራዥ በጨርቅና በመወልወያ ቢወለውልልዎ ያበራል። ወጪው ከአንድ ማኪያቶ ብዙም አይርቅም።

አሁን ወደ ዓሣው።

ማንኪያ በአሜሪካ ከሚያጠምዳቸው ዓሦች አንዱ ባስ ነው፤ አፈ ሰፊ፣ ሆዳም፣ በሣር ውስጥ አድፍጦ የሚጠብቅ። ክብረ ወሰኑን ለረጅም ዘመን ይዞ የቆየው ጆርጅ ፔሪ ሲሆን በ1932 ጆርጂያ ውስጥ 10.09 ኪሎ የሚመዝን ባስ አወጣ። ዓሣውንስ ምን አደረገው? ቤቱ ወስዶ በላው። በ2009 ጃፓናዊው ማናቡ ኩሪታ ከቢዋ ሐይቅ በሠላሳ ግራም እንኳ የማይሞላ ብልጫ ያለው ባስ ያዘ፤ ይሁንና ደንቡ ክብረ ወሰን ለመስበር ከ50 ግራም በላይ ብልጫ ስለሚጠይቅ ሁለቱ እኩል ተባሉ።

ጣና ውስጥ ባስ የለም። የናይል ፐርችም የለም፤ እሱን የሚሻ ወደ ጫሞ ይውረድ። ታዲያ ማንኪያ ለጎንደሬ ምን ያደርግለታል? መልሱ ያለው «ነጭ ዓሣ» ብለን በአንድ ስም ጠቅልለን በምንጠራው ወገን ነው።

ያውቁ ኖሯል? ነጭ ዓሣ አንድ ዓሣ አይደለም። ሳይንቲስቶች በጣና ውስጥ 15 ያህል የተለያዩ ዝርያዎች ለይተዋል፤ ከእነዚህ 8ቱ ሌላ ዓሣ እያሳደዱ የሚበሉ አዳኞች ናቸው። የአፋቸው ቅርጽ ሥራቸውን ይናገራል፦ ወደ ላይ የተከፈተ፣ ወደ ታች የዞረ፣ ከንፈረ ወፍራም፣ መንጋጋው እስከ ዓይኑ የተሰነጠቀ። በአንድ ሐይቅ ውስጥ ከአንድ ግንድ የተቀጠለ እንዲህ ያለ የትልልቅ ዓሦች ቤተ ዘመድ ሳይበረዝ የቀረው በዓለም ላይ እዚህ ብቻ ነው። ምግብ ቤት ገብቶ «ዓሣ አምጪልኝ» የሚል ሰው የትኛውን እንደበላ አያውቅም።

የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። እነዚህ አዳኞች በመንጋጋቸው ላይ አንድም ጥርስ የላቸውም! ጥርሳቸው ያለው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ሌሎች አዳኝ ዓሦች ነክሰው ሲይዙ የእኛዎቹ ግን አፋቸውን ድንገት ከፍተው ከነውኃው ይስባሉ፣ ከዚያ በጉሮሮ ይሰባብራሉ። ጨጓራም የላቸውም፤ ምግቡ በቀጥታ ወደ አንጀት ነው የሚወርደው። በዚህ ምክንያት ትልቅ ነገር መዋጥ አይሆንላቸውም፤ የሚያሳድዱት ከጣት ብዙ የማይረዝሙትን ትንንሽ ዓሦች ነው። ከእነዚህ ትንንሾች አንዱ በሳይንስ ስም የወጣለት ገና በ2000 ነው። ስለዚህ የአሜሪካ መጽሔት ላይ ያዩትን መዳፍ የሚያክል ማንኪያ ጎርጎራ ይዘው አይምጡ። የሻይ ማንኪያ ያልነው በምክንያት ነው።

ጎርጎራን ካነሣን፣ ከ15ቱ አንዱ በሳይንስ መዝገብ ላይ የተጻፈው በጎርጎራ ስም ነው። እሱ ግን ሣርና ቀንድ አውጣ ስለሚበላ በማንኪያ አይታለልም። የነጭ ዓሣን ወገን ቀድሞ ለአውሮፓ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። በ1832 እና 1833 ጎንደር ተቀምጦ የብራና መጻሕፍትና የእንስሳት ናሙና ሲሰበስብ ዓሣውንም አልተወም።

ያውቁ ኖሯል? ይህ ሁሉ ዓሣ የሚኖርበት ጣና ከ16,000 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ ነበር። ሐይቁ መልሶ የሞላው ከዚያ በኋላ ነው። ከታችም ወደ 40 ሜትር ከፍታ ያለው ጢስ ዓባይ በሩን ዘግቶበታል፤ ከናይል ወደ ላይ የሚዋኝ ዓሣ ፏፏቴውን አይወጣም። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ሐይቅ፣ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 14 ሜትር። ማንኪያዎ ወለሉን ለመንካት ብዙ አይቆይም።

ስለ ቀለም የአጥማጆች ልማድ ይህ ነው፦ ለጠራ ውኃ ብርማ፣ ለደፈረሰ መዳብማ ወይም ወርቅማ። ጣና በክረምት ጉማራ፣ ርብና መገጭ የሚያመጡትን አፈር ሲጠጣ ቡና ይመስላል። ዓይኑን የሚያምን አዳኝ ያኔ ይቸገራል። ሆኖም ዓሣ ከጭንቅላቱ እስከ ጅራቱ በጎኑ የተዘረጋ የስሜት መስመር ስላለው የማንኪያውን ርግብግቢት ሳያይም ይሰማዋል።

መንጠቆን እንደ እምቦጭ የሚያማርር የለም። አረሙ በጣና ላይ የታወቀው በ2011 በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ በእኛው በመገጭ አፍ በኩል ነው። ሉዊስ ጆንሰን የተባለ አሜሪካዊ በ1920ዎቹ መንጠቆው ፊት ቀጭን ሽቦ ያለበት ማንኪያ አወጣ፤ ሽቦው አረሙን እየገፋ ያልፋል፣ ዓሣ ሲነክሰው ግን ይታጠፋል። በደንገል ታንኳ ለሚሄድ ደግሞ ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ባለ ሦስት ጣት መንጠቆ ደንገል ውስጥ ከገባ ከዓሣው ይልቅ ታንኳውን ነው የሚፈታው።

መቼ ይጠመዳል? መቼ እንደማይጠመድ መናገሩ ይቀላል። ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ በክረምት፣ በተለይ በነሐሴና በመስከረም፣ እንቁላላቸውን ለመጣል ከሐይቁ ወጥተው ወደ ወንዞቹ ይተማሉ፤ መገጭና ድርማም ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ከተራሮች የወረደው ጎርፍ ለእነሱ የሠርግ ጥሪ ነው። ሰው ያንን ያውቅና በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ ይጠብቃል፤ አንዳንዱም የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃው ላይ ይበትናል። ብርብራ ትልቁን ከትንሹ አይለይም፣ ሁሉንም ያፈዛል። በ2003 የወጣው የፌዴራል የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 መርዝን ይከለክላል። አዋጁ ከመውጣቱ በፊት ግን በ1990ዎቹ ብቻ፣ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ፣ የጣና ነጭ ዓሣ ክምችት በሦስት አራተኛ ያህል እንዳሽቆለቆለ ተመዝግቧል። ናይሎን መረብና ሞተር ጀልባ የገቡት በ1986 ነው፤ የጊዜው መገጣጠም ድንገት አይመስለኝም።

«እንግዲያው ባስ እናስመጣ» የሚል አይጠፋም። ኬንያ በ1929 ናይቫሻ ሐይቅ ላይ ጥላዋለች። ጃፓን በበኩሏ በ2005 ባስን ጎጂ መጤ ብላ ፈርጃለች፤ ክብረ ወሰኑ የተያዘበት ቢዋም የዚሁ መጤ መናኸሪያ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን የፊሊፒንሱ ላናኦ ነው። ጣናን የሚመስል የዓሣ ቤተ ዘመድ የነበረው ሌላው ሐይቅ እሱ ነበር። መጤ ዓሣ ገባ፣ ጠመዳውም በዛ፤ በ2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የዚያ ሐይቅና መውጫው ብቸኛ ከሆኑት 17 ዝርያዎች 15ቱ ጠፍተዋል አለ። የቀሩት ሁለቱም መኖራቸው ያጠራጥራል።

ወደ ጣና እንመለስ፤ ከነጭ ዓሣ ሌላ ያለው ቀረሶ ማንኪያ አይነክስም፤ ምግቡ በዋናነት አረንጓዴ ዝቃጭ ነው። አምባዛ አንዳንዴ ይነክሳል፣ ይልቁንም ሲመሽ፤ እሱ ግን ከዓይኑ ይልቅ በጢሙና በሽታ ይመካል፣ ስለዚህ የዶሮ አንጀት ከማንኪያ ይሻለዋል።

በመጨረሻ፦ ነጭ ዓሣ በሥጋው መካከል እንደ መርፌ የቀጠኑ፣ ሹካ የመሰሉ አጥንቶች አሉት። ሆቴሎች ለኮተሌት ቀረሶን የሚመርጡት፣ ነጭ ዓሣ ደግሞ ለዱለት የሚከተፈው በዚህ ነው። በማንኪያ ያጠመዱትን በማንኪያ መብላት የሚችሉት በዱለት ብቻ ነው።