ድንኳንም ጓዳ አለው

የዕረፍት ጊዜ ከሥራ መላቀቂያ ነው የሚል አስተሳሰብ በብዙዎች ዘንድ አለ። እናት ግን ከቤቷ የቱንም ያህል ብትርቅ ጓዳዋ ተከትሏት ይሄዳል። ለዚህ የአውስትራሊያ ቤተሰቦች ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ከጠረፍ ከተሞቻቸው ተነሥተው «አውትባክ» ወደሚሉት ሰፊና ደረቅ የመሀል አገር በመኪና ይዘልቁና ድንኳን ተክለው የዱር አራዊት እያዩ ይሰነብታሉ።

መንገዱ ቀላል አይደለም። ከአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ እስከ ታላቁ ቀይ ቋጥኝ እስከ ኡሉሩ ድረስ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በመካከሉ ነዳጅና ዳቦ የሚገኝባቸው ማረፊያዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ አስቤዛው ከመነሣት በፊት ተሟልቶ ማለቅ አለበት። ውኃ በየሰዉና በየቀኑ ተሰልቶ በጀሪካን ይጫናል፤ ሰሐን የሚታጠበውም ተቆጥቦ ነው። (ይህ እንኳ ለእኛ አገር እናቶች አዲስ ትምህርት አይሆንም።) መኪና ቢበላሽ ጥሎት በእግር መሄድ አይመከርም። ፈላጊ በቀላሉ የሚያየው ሰውን ሳይሆን መኪናን ነውና።

አራዊቱ የሚታዩበት ሰዓት ከወጥ ቤት ሥራ ሰዓት ጋር ይገጣጠማል። ካንጋሮ ቀኑን ጥላ ሥር ተጋድሞ ውሎ የሚሰማራው ሻይ በሚጣድበት ማለዳና እራት በሚሰናዳበት ምሽት ነው። የቀይ ካንጋሮ እናትነት በእርግጥ ያስደንቃል። አንዱ ግልገል ከኪሷ ወጥቶ እግር በእግር እየተከተለ ሲጠባ፣ ሌላው ጨቅላ በኪሷ ውስጥ ያድጋል፤ ሦስተኛው ፅንስ ደግሞ ዕድገቱን ገትቶ በማሕፀኗ ተራውን ይጠብቃል። ለሁለቱ ከየጡቱ የምትሰጠው ወተት እንኳ እንደ ዕድሜያቸው የተለያየ ነው። ሰጎን መሰሉ ኢሙ ዘንድ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ስምንት ሳምንት ያህል ከሞላ ጎደል ሳይበላና ሳይጠጣ እንቁላል የሚታቀፈው፣ ጫጩቶቹንም የሚያሳድገው አባትየው ነው። እሳት ዳር ተቀምጦ እራት ለሚጠብቅ ባል ይህን ወፍ ማሳየት አይከፋም።

ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚያሻው ዲንጎ የተባለው የዱር ውሻ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 17 ቀን 1980 ምሽት ወይዘሮ ሊንዲ ቼምበርሌን በኡሉሩ አጠገብ በሚገኘው የድንኳን ሠፈር የዘጠኝ ሳምንት ሕፃን ልጃቸውን አዛሪያን ድንኳን ውስጥ አስተኝተው ምግብ ወደሚበስልበት ስፍራ ተመለሱ። ጥቂት ቆይቶ ጩኸት ተሰማ፤ ሕፃኗም ጠፋች። እናትየው ዲንጎ እንደወሰዳት ቢናገሩም የሚያምናቸው ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ልጃቸውን ገድለዋል ተብለው ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ ነፍሰ ጡር ስለነበሩም ቀጣዩን ልጅ የወለዱት እስረኛ ሆነው ነው። በአደባባይ አለማልቀሳቸው ብዙ አስወርቶባቸው ነበር። ሐዘኗን በሰው ፊት ሰው እንደሚፈልገው ያላሳየች እናት ሁሉ ገዳይ ናት ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1986 የሕፃኗ ሹራብ በቋጥኙ አካባቢ ተገኘና ወይዘሮዋ ከእስር ተፈቱ። ፍርዱ በ1988 ተሻረ። የሞቱ መንስኤ ዲንጎ መሆኑ በመርማሪ ዳኛ የተረጋገጠው ግን እ.ኤ.አ. በ2012፣ ከ32 ዓመት በኋላ ነበር።

ዲንጎ በረሃ ብቻ አይኖርም። ቀድሞ ፍሬዘር ይባል በነበረው በምሥራቁ የጋሪ ደሴት እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በዲንጎዎች ተገድሏል። ዛሬ በዚያ ዲንጎ መመገብ ያስቀጣል፤ ምግብና የምግብ ትራፊ ተቆልፎ ያድራል፤ ልጆች ከወላጅ እጅ እንዳይርቁ ይመከራል። ልጆች ለያዙ ቤተሰቦችም በአጥር የተከለሉ የድንኳን ስፍራዎች ተዘጋጅተዋል።